እንግዳውን የሚቀበለው ማን ነው?

ከማልዲቭስ ደሴቶች እስከ ጣና ዳርቻ

(በሬዲዮ ለአድማጮች የቀረበ ንግግር)

ቢስሚላሂ አር-ረሕማኒ አር-ረሒም። ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ (ሱ.ወ.) የተገባ ነው። ሶላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።



ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በደብረ ማርቆስ፣ በፍኖተ ሰላምና በቡሬ በኩል ወደ ባሕር ዳር የሚዘልቀው አውራ ጎዳና ዳር ያደግን ሁሉ የአገር ጎብኚ መኪና እናውቃለን። ልጆች ሳለን እጃችንን እያውለበለብን እንሸኘው ነበር። ቆሞ ውኃ ወይም ለስላሳ ከገዛ መልካም፤ አለዚያ አቧራውን ትቶልን ያልፋል። የሚሄድበትንም እናውቃለን፦ ወደ ጣና ደሴቶች፣ ወደ ጢስ ዐባይ ፏፏቴ፣ ከዚያም ወደ ጎንደርና ወደ ላሊበላ።

ከዓመታት በፊት አንድ ምሽት፣ ከዒሻ ሶላት በኋላ፣ በመስጂዳችን ደጃፍ ይኸው ጉዳይ ተነሣ። አንድ አባት «አላህ ያሳለፋቸው ይሻለናል፤ ቢቆሙ መጠጡንና መራቆቱን ይዘው ነው የሚቆሙት» አሉ። አንድ ወጣት ደግሞ «አባባ፣ ተምረን ሥራ ካጣን ስንት ዓመታችን ነው። ቢያንስ ቆመው ሻይ ይጠጡልን እንጂ!» ሲል መለሰላቸው። ሁለቱም ወደ እኛ ዞሩ። ያን ምሽት አጥጋቢ መልስ አልሰጠናቸውም። የዛሬው ንግግራችን ዘግይቶ የመጣ መልስ ነው፤ መልሱንም ከታሪክ እንፈልገዋለን።

መንገድ ርስታቸው የነበረ ሰዎች

እንግዳና መንገደኛ ለጎጃም ሙስሊም አዲስ ነገር አይደለም። በጥንቱ ሥርዓት በደጋው አገር የሚኖር ሙስሊም የመሬት ርስት አልነበረውም። መሬት የሌለው ሰው ከእጁና ከእግሩ ይበላል፤ ስለዚህ በእጁ ሸማኔ፣ በእግሩ ነጋዴ ሆነ። ይህ ነገር ከሥሩ የተለወጠው በየካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ሲወጣ ነው። እስከዚያ ድረስ የአባቶቻችን ርስት መንገድ ነበር ብንል አልተሳሳትንም።

በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የሲራራ ነጋዴዎች ከዐባይ ማዶ ከጉድሩ ተነሥተው፣ ወንዙን ተሻግረው፣ በጎጃም ገበያዎች እያረፉ ወደ ጎንደር፣ ከዚያም ወደ ምጽዋና ወደ መተማ ይዘልቁ ነበር። ከገበያዎቹ ሁሉ ባሶ ስሙ የገነነ ነበር፤ ቡሬም ከዐባይ መሻገሪያ ወደ ሰሜን በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች የገበያ ቦታ ነበረች። በዚህ መንገድ ወርቅ፣ የዝሆን ጥርስ፣ ዝባድ፣ ቡናና አሞሌ ጨው ይመላለስ ነበር። እውነቱን ለመናገር ሰውም እንደ ዕቃ ተነድቶበታል፤ ታሪካችን የሚያኮራን ብቻ እንዳልሆነ ልጆቻችን ማወቅ አለባቸው። ከነጋዴዎቹ ብዙዎቹ ሙስሊሞች ነበሩ። ሆቴል በሌለበት በዚያ ዘመን ማረፊያቸው ወይ ድንኳናቸው ወይ የወዳጅ ቤት ነበር።

ሃይማኖታችንም መንገደኛን ከፍ ባለ ቦታ ያስቀምጠዋል። ኢብኑ ሰቢል፣ ማለትም ስንቅ ያለቀበት መንገደኛ፣ ዘካ ከሚሰጣቸው ስምንት ወገኖች አንዱ ነው። የእንግዳ መስተንግዶ ሦስት ቀን መሆኑን ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) አስተምረውናል። ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ615 ገደማ ከመካ ተሰደው ወደ ሐበሻ ሲመጡ የተቀበላቸው የዚህ አገር ንጉሥ ነጃሺ ነው። እንግዲህ እንግዳን መቀበል እኛን ማንም አዲስ ሰው አያስተምረንም። የሚያስቸግረን ሌላ ነገር ነው፦ እንግዳ ወደ ቤት መምጣቱን ትቶ ገበያ ሲሆን፣ መንደርተኛው የት ይቁም?

ይህን ጥያቄ ከእኛ ቀድሞ የተጋፈጠ አንድ ትንሽ የሙስሊሞች አገር አለ። ስለዚህ ለጥቂት ደቂቃ ከደጋው ወርደን ሕንድ ውቅያኖስን እንሻገር።

የማልዲቭስ ሦስት ዘመናት

በቆዳ ዕቃ ላይ ተሰፍቶ የምናየውን ነጭ ዛጎል አስታውሱ። ዓለም ዛጎልን እንደ ገንዘብ ሲገበያይበት በነበረበት ዘመን ትልቁ ምንጭ የማልዲቭስ ደሴቶች ነበሩ። ከዚያ ተጭኖ ወደ ቤንጋል፣ አልፎም እስከ ምዕራብ አፍሪካ ይደርስ ነበር። ማልዲቭስ ወደ 1,200 የሚጠጉ ደሴቶች ያሏት አገር ናት፤ ሰው የሚኖረው ግን 200 በማይሞሉት ላይ ነው። አብዛኛው ምድሯ ከባሕሩ ወለል ከአንድ ሜትር ተኩል አይበልጥም። ሕዝቧ እስልምናን የተቀበለው እ.ኤ.አ. በ1153 ነው።

እ.ኤ.አ. በ1343 ኢብን ባጡጣ እዚያ ደረሰ። የእኛን ቀጣና ወደብ ዘይላዕን ያየው ታላቁ መንገደኛ ማለት ነው። በማልዲቭስ ቃዲ ሆኖ ተሾመ፤ የሴቶቹን አለባበስ ለማስተካከል ሞክሮ እንዳልተሳካለትም ራሱ ጽፏል። ለዛሬው ጉዳያችን የሚጠቅመን ግን ስለ እንግዳ አቀባበላቸው የተረከው ነው። መርከብ ሲመጣ የደሴቲቱ ሰዎች በትንንሽ ጀልባ ወጥተው የተንቡል ቅጠልና ለጋ ኮኮናት ይዘው ይቀበሉት ነበር። እያንዳንዱ ሰው ከመንገደኞቹ ለወደደው ይሰጠዋል፤ የተሰጠው ሰው የዚያ ቤት እንግዳ ይሆናል፤ ዕቃውም እንደ ዘመድ ዕቃ ተሸክሞ ወደ ቤት ይገባለታል። አንደኛው ዘመን ይህ ነበር፤ እንግዳ በሰው ቤት የሚያድርበት ዘመን።

ሁለተኛው ዘመን እ.ኤ.አ. በ1972 ጀመረ። ማልዲቭስ ከእንግሊዝ ነጻ ከወጣች ገና ሰባት ዓመቷ ነበር። በዚያ ዓመት «ኩሩምባ» የተባለው የመጀመሪያው የመዝናኛ ማረፊያ ሰው በማይኖርበት ደሴት ላይ ተከፈተ። የዓመቱ ጎብኚዎች አንድ ሺህ ገደማ ብቻ ነበሩ። ከዚያ በኋላ አንድ ሥርዓት እየጸና ሄደ፤ የውጭ እንግዳ ሰው በሌለበት ደሴት ይረፍ፣ መጠጡም መራቆቱም እዚያው ይቅር፣ የሙስሊሙ መንደር እንደ ወትሮው ይኑር ተባለ። በ1980ዎቹ ውስጥ በመኖሪያ ደሴቶች እንግዳ ማሳደር ጭራሹን ቀረ።

የመስጂዳችን አባት ይህን ቢሰሙ «ደግ አደረጉ!» ይሉ ነበር። በእርግጥም መንደሩ ከብዙ ነገር ተጠብቋል። ነገር ግን ሒሳቡን እንየው። እንግዳው ከአውሮፕላን ወርዶ በጀልባ ወደ ማረፊያው ይወሰዳል፤ እዚያው በልቶ፣ እዚያው አድሮ ወደ አገሩ ይመለሳል። አሣ አጥማጁ መንደር መብራቱን ከሩቅ ያያል እንጂ ከገበታው አይቀርብም። ሥራ ያገኘ ወጣት ከቤተሰቡ ተለይቶ በማረፊያው ደሴት ለወራት ይቀመጣል፤ እናቶችና እህቶች ከዚያ ሥራ የሚደርሳቸው እምብዛም ነው። አገሪቱ ሀብታም ተባለች፤ መንደሩ ግን የሀብቱ ጎረቤት እንጂ ባለቤት አልሆነም።

በዚህ መካከል እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 26 ቀን 2004 ሱናሚ መጣ። በማልዲቭስ ከ80 በላይ ሰዎች ሞቱ። ካንዶልሁዱ የተባለችው ደሴት ነዋሪዎች በሙሉ መንደራቸውን ጥለው ለዓመታት በመጠለያ ከቆዩ በኋላ በሌላ ደሴት ላይ አዲስ መንደር ተሠራላቸው። ትንሽ መንደር በአንድ ጠዋት ሊጠፋ እንደሚችል ዓለም ያን ጊዜ አየ።

ሦስተኛው ዘመን የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ2009 ነው። በመኖሪያ ደሴቶች ላይ አነስተኛ የእንግዳ ቤት መክፈት እንደገና ተፈቀደ። ማፉሺ የተባለችው ደሴት ቀድሞ የምትታወቀው በእስር ቤቷ ነበር፤ ዛሬ በእንግዳ ቤቶቿ ትታወቃለች። ባለ ሱቁ፣ ባለ ጀልባው፣ ምግብ የምታበስለው እናት ከእንግዳው እጅ በቀጥታ የሚያገኙት ነገር መጣ። ሥርዓቱም አልተጣለም። በመኖሪያ ደሴት መጠጥ አይሸጥም፤ በዋና ልብስ መታየት ለዚሁ በተከለለ ዳርቻ ብቻ ነው፤ ከዚያ ውጪ እንግዳው አለባበሱን አስተካክሎ ይሄዳል። ችግር የለም ማለታችን አይደለም፤ ቆሻሻው በዝቷል፣ ከዋና ከተማዋ አጠገብ ቲላፉሺ የምትባል ደሴት የቆሻሻ መጣያ ሆናለች። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ2024 ግማሽ ሚሊዮን ገደማ ሕዝብ ወዳላት አገር ከ2 ሚሊዮን በላይ እንግዶች ሲገቡ፣ ቢያንስ ከፊሎቹ ያደሩት እንደ ኢብን ባጡጣ ዘመን በመንደርተኛው ቤት ነው።

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ።

ጣና፦ ታንኳው የታየ፣ ሰሪው ያልታየ

ጣና ከ1,800 ሜትር የማይርቅ ከፍታ ላይ የተንጣለለ፣ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ የሚሰፋ፣ ከ30 በላይ ደሴቶችን ያቀፈ ሐይቅ ነው። በብዙዎቹ ደሴቶች ላይ የክርስቲያን ወገኖቻችን ጥንታውያን ገዳማት አሉ፤ በደቅ ደሴት ላይ ደግሞ ገበሬዎች ይኖራሉ። መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1961 የቱሪስት ድርጅት አቋቁሞ አገራችንን «የ13 ወር ጸሐይ» ብሎ ማስተዋወቅ ሲጀምር፣ ባሕር ዳርና ጣና ከአክሱም፣ ከጎንደርና ከላሊበላ ጋር በአንድ የጉብኝት መስመር ተሰለፉ። በፖስታ ካርዱ ላይ ምን ታየ? የደንገል ታንኳ!

ይህን ታንኳ በመሥራት የታወቁት እነማን ናቸው? የነገደ ወይጦ ወገኖቻችን ናቸው፤ ሙስሊሞች ናቸው። ከጥንት ጀምሮ የሐይቁ ልጆች ናቸው። ጉማሬ ያድኑ፣ አሣ ያጠምዱ፣ የወፍጮ ድንጋይ ይጠርቡ፣ ከደንገል ታንኳና ቅርጫት ይሠሩ ነበር። የቀድሞ ቋንቋቸው ጠፍቶ አማርኛ ተናጋሪ ከሆኑ ብዙ ዘመን አልፏል። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ በዳንግላ የእንግሊዝ ቆንሲል የነበረው ቺዝማን ደግሞ በ1920ዎቹና በ1930ዎቹ ስለ እነርሱ ጽፈዋል።

ባሕር ዳር ስትሰፋ የሐይቁ ዳርቻ ውድ ሆነ። ሆቴሉም መናፈሻውም የሚፈልገው የእነርሱን መንደር ቦታ ነበር። ከዳርቻው ወደ ኋላ፣ ከዚያም ወደ ሌላ ቦታ እየተገፉ ሄዱ። በየዳርቻው የነበረው ደንገል እየሳሳ መጣ፤ እንግዳን ወደ ገዳማቱ የሚያደርሰውም የሞተር ጀልባ ሆነ። ስለዚህ እንግዳው ታንኳውን ፎቶ ያነሳል፣ ትንሿን የደንገል ታንኳ መታሰቢያ ብሎ በጥቂት ብር ይገዛል፤ የሰሪዋን ቤት ግን አያውቀውም። ማልዲቭስ እንግዳን ከመንደሩ አራቀች፤ እኛ ደግሞ መንደሩን ከእንግዳው አራቅን።

ውድ አድማጮቻችን፣ ይህን ስንናገር ጣታችንን ወደ ከተማና ወደ ሆቴል ብቻ እንዳንቀስር። ነገደ ወይጦን የናቀው ክርስቲያኑ ብቻ አልነበረም። የጉማሬ ሥጋ ይበላሉ ተብሎ በእኛ በሙስሊሞቹም ዘንድ እስልምናቸው ሲጠረጠር፣ አብሮ መብላትም አብሮ መጋባትም ሲነፈጋቸው ኖሯል። በመስጂዶቻችን ስለ ወንድማማችነት ስንሰብክ ኖረን፣ በሐይቁ ዳር ያለውን ወንድማችንን ሰላም ለማለት ያፈርንበት ዘመን አለ። ለምን ተፈናቀሉ ብለን ከመጠየቃችን በፊት፣ ሲፈናቀሉ እኛ የት ነበርን ብለን መጠየቅ ይገባናል። አላህ ይማረን።

ጢስ ዐባይና ግሽ ዐባይ

ከባሕር ዳር 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው ጢስ ዐባይም የምትነግረን አላት። ፏፏቴው ከ40 ሜትር በላይ ቁመት አለው፤ በድሮው የአንድ ብር ኖት ጀርባ የነበረው ሥዕል እርሱ ነው። በአቅራቢያው በአፄ ሱስንዮስ ዘመን እ.ኤ.አ. በ1626 የተሠራው የአላታ የድንጋይ ድልድይ አለ። ከፏፏቴው ኃይል የሚያመነጨው የመጀመሪያው ጣቢያ እ.ኤ.አ. በ1964፣ ሁለተኛው በ2001 ሥራ ጀመሩ፤ በ1996 ደግሞ በጣና መውጫ በጨረጨራ የውኃ መቆጣጠሪያ ተሠራ። በ2010 ከሐይቁ ውኃ የሚወስደው የጣና በለስ ጣቢያ ተጨመረ። አገር መብራት አገኘ፤ አልሐምዱሊላህ። ፏፏቴው ግን በበጋው ወራት ብዙ ጊዜ ሳስቶ የሚታይ ሆነ። ውኃው ሲያንስ ከሩቅ የመጣው ጎብኚ ቅር ብሎት ይመለሳል፤ በአስጎብኚነት፣ በጀልባና በእጅ ሥራ ሽያጭ የሚተዳደረው መንደርተኛ ደግሞ ይከስራል። ለአገር የሚጠቅም ውሳኔ ሲወሰን፣ ሸክሙ የሚያርፍበትን ትንሽ መንደር ማስታወስ ፍትሕ ነው፤ ፍትሕ ደግሞ ዲን ነው።

ወደ እኛው ወደ ምዕራብ ጎጃም ስንመለስ ሰከላ ወረዳ ግሽ ዐባይ አለ። ፖርቱጋሎችን ተከትሎ የመጣው ስፔናዊ ቄስ ፔድሮ ፓኤዝ እ.ኤ.አ. በ1618፣ ጄምስ ብሩስ በ1770 ምንጩን አይተው ለአውሮፓ ጻፉ። በአውሮፓ ለረጅም ዘመን ክርክሩ «ማን ቀድሞ አገኘው?» የሚል ነበር። የሰከላ ገበሬ ግን ከሁለቱም በፊት ከብቱን በዚያ ያሰማራ ነበር! ለእርሱ ምንጩ የተገኘ አይደለም፤ የኖረበት ነው። ዛሬም በጸበሉ የሚያምኑ ክርስቲያን ጎረቤቶቻችን በብዛት ይሄዱበታል፤ ዓለም ስሙን የሰማ የውጭ ጎብኚ ግን ባሕር ዳር ደርሶ ይመለሳል።

እንግዲህ ምን እንላለን?

ለዚያ ምሽት ጥያቄ መልሳችን ይኸው። አባታችን የፈሩት እውነት ነው፤ ወጣቱ የተራበውም እውነት ነው። እንግዳ በራሱ በረከትም ጥፋትም አይደለም። ዋናው ጥያቄ የሚቀበለው ማን ነው የሚለው ነው። መንደሩ ተቀባይ ከሆነ ሥርዓቱን ያወጣል፣ ዋጋውን ይናገራል፣ ክብሩን ይጠብቃል። መንደሩ ለመታየት ብቻ ከተቀመጠ ግን እንጀራውንም ክብሩንም ያጣል።

በአገራችንም ይህን ያሳዩ አሉ። እ.ኤ.አ. በ2006 በዓለም ቅርስነት በተመዘገበው በሐረር ጀጎል አንዳንድ ቤተሰቦች ያንኑ በጌጥ የተሞላ የአባቶቻቸውን ቤት የእንግዳ ማረፊያ አድርገውታል። እንግዳው ጫማውን አውልቆ ይገባል፣ የቤቱን ወግ ያከብራል፣ የቤቱ እመቤትም ገቢዋን ታገኛለች። በወሎ መቄት ደግሞ በ2000ዎቹ መጀመሪያ ገበሬዎች በራሳቸው ቀዬ ጎጆ ሠርተው በእግር የሚጓዙ ጎብኚዎችን በጋራ ማስተናገድ ጀምረው ነበር። ጎጆው የመንደሩ፣ ገቢውም የመንደሩ ነበር።

ከዚህ ሁሉ ሦስት ነገር እንያዝ።

አንደኛ፣ መሬትና ቤት ከመንደርተኛው እጅ አይውጣ። ዳርቻውን ለማልማት የዳርቻውን ሰው ማባረር ልማት አይባልም። የነገደ ወይጦ ልጅ በታንኳው ባለቤት፣ በሐይቁም አስጎብኚ ሊሆን ይገባዋል።

ሁለተኛ፣ ሥርዓት ማውጣት መዝጋት አይደለም። ማፉሺ መጠጥ ሳትሸጥ እንግዳ ሞልታለች። እኛም ሐላል ምግብ፣ ንጹሕ አልጋና እውነተኛ ዋጋ ይዘን ብንቀርብ፣ እንግዳ የሚፈልገው ከዚህ ብዙም አይርቅም። ሱቅና ምግብ ቤት ያላችሁ ወንድሞችና እህቶች ይህን አስቡበት።

ሦስተኛ፣ ጸጋው አማና ነው። ጣና እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ሆኖ ተመዝግቧል። ከ2011 ጀምሮ ግን እምቦጭ የሚባለው አረም ወርሮታል። ሐይቁ ከሞተ እንግዳም ታንኳም አሣም የለም።

አራተኛ ብንጨምር ሰላም ነው፤ እርሱ ግን የሦስቱም መሠረት ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 ኮሮና መጣ፤ በዚያው ዓመት መጨረሻ በሰሜን ጦርነት ተጀመረ፤ በ2023 ደግሞ ግጭቱ ወደ ገዛ ክልላችን ገባ። ልጆች እያውለበለቡ የሚሸኙት መኪና እየራቀ ሄደ፤ ጀልባዎች ከዳርቻ ታስረው ከረሙ። የከተማችን የቀድሞ ስም ወጀት ነበር፤ ንጉሠ ነገሥቱ በ1933 ዓ.ም. ከስደት ሲመለሱ በዚህ አልፈው «ፍኖተ ሰላም» እንዳሏት ይነገራል። የሰላም መንገድ ማለት ነው። ስሙን በታፔላ ላይ ብቻ ሳይሆን በምድሩ ላይ አላህ ያሳየን።

ያ ወጣት ዛሬ የልጆች አባት ሆኗል። እኚያ አባት ወደ አኼራ ሄደዋል፤ አላህ ይማራቸው። የሁለቱ ክርክር ግን በየቤታችሁ እንዳለ እናውቃለን። ዛሬ ማታ በማዕዱ ዙሪያ አንሡት። ልጆቻችሁንም ጠይቋቸው፦ እንግዳ ነገ ደጃችን ቢቆም የምንቀበለው እንዴት ነው? ጎረቤታችንስ አብሮን ይቀበላል ወይስ ከዳር ቆሞ ያያል?

አላህ ለአገራችን ሰላምን፣ ለመንገደኛው ደኅንነትን፣ ለትንንሽ መንደሮቻችን ሪዝቅን ይስጥልን። የተገፉ ወገኖቻችንን ይካስልን፤ እኛንም ከገፊዎች አያድርገን። አሚን።